ከሰሌዳው የተነሳው ካርድ

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ በጸሎት ቤቱ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች እየተያዩ እንዳልተያዩ ሆነው ይሠሩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ የነጭ ቀሚሶችን ጠርዝ ትሰፋለች። ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ባዶው የጥምቀት ገንዳ ውስጥ ገብቶ ውሃ የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ያጠብቃል። ከእሷ በኩል የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ወትሮው እስከ ቆዳው ድረስ ተከርክሟል። ይህ ሰው ፀጉሩ እስኪያድግ የማይታገሠው ለምን እንደሆነ ድሮም አይገባትም ነበር። «የት ነው የምትቆረጠው? ገበሬ እንኳ እንዲህ አያጭድም!» እያለች ስታሾፍበት እሱ ጭንቅላቱን ዳሰስ አድርጎ ይስቃል እንጂ አይመልስላትም።

ያ በደህናው ጊዜ ነው። እስከ ሦስት ሳምንት በፊት ድረስ ሊጋቡ ያስቡ ነበር። አሁን በመካከላቸው የቀረው የመፍቻው ድምፅ ብቻ ነው።

የልብስ ሰፊዋን ሥራ እንግዳ ሰው ቢያየው ግራ ይገባዋል። ባፕቲስቶች ያመነውን ሰው የሚያጠምቁት ሁለመናውን ውሃ ውስጥ አጥልቀው ነው። ቀሚሱ ተንሳፍፎ ሰውየውን በሰው ፊት እንዳያጋልጠው ጠርዙ ውስጥ ትንንሽ የብረት ክብደቶች ይሰፉበታል፤ ለአንድ ቀሚስ ሰባት። ይህን የተማረችው ከእናቷ ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ቀሚስ ሁሉ ያለፈው በእሷ እጅ ነው። ከመስቀያው ጫፍ ላይ ያለው አንዱ ግን ከሁሉም ይረዝማል፤ ለብሶት ውሃ የገባ ሰው የለም። የወንድሟ ነው።

ወንድሟ ከአራት ዓመት በፊት ያንን ቀሚስ ለብሶ በምዕመናን ሁሉ ፊት ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነበር። አጥማቂው ፓስተር የገዛ አባታቸው ናቸው። ውሃው ውስጥ እስከ ወገባቸው ቆመው «ታምናለህን?» ብለው ጠየቁት። ወንድሟ ውሃውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አይ አባዬ፣ አላምንም። እዚህ የቆምኩት አንተን ደስ እንዲልህ ነው» አለ። ቀሚሱን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ ወጣ። ወደ ቤትም አልተመለሰ። ፓስተሩ በዚያው ሰሞን ቤተሰቡን ሰብስበው «በገዛ ፈቃዱ ወጥቷል። እግዚአብሔር ማንንም አያስገድድም፤ እኛም ማንንም አናስገድድም። ማንም ፈልጎ እንዳያስቸግረው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም።

ለልብስ ሰፊዋ የቀረላት ካርዱ ብቻ ነበር። በጸሎት ቤቱ መግቢያ ላይ ሰሌዳ አለ፤ ምዕመናን ገና ያላመነ ሰዋቸውን በካርድ ጽፈው ይሰኩበታል፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ እንዲጸልይለት። ለሐሜት በር እንዳይከፍት ስም አይጻፍበትም። «ጎረቤቴ» ይላል አንዱ፤ «አለቃዬ» ይላል ሌላው። የእሷ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ አንድ ቃል ብቻ ነበረበት፦ «ወንድሜ»።

ያንን ካርድ ያነሳው ቧንቧ ሠራተኛው ነው። በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የአዳራሹን ወንበሮች ልታስተካክል ስትገባ፣ እሱ ግራ ቀኙን አየና ካርዱን ነቅሎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ነገሩ እንዲህ የከበዳት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው በቤተ ክርስቲያኑ «ምርጡ» ይባላል፤ የፍቅር ስም አይደለም፣ የሹፈት ነው። አንድ ቀን በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ «ሰው እግዚአብሔርን ከመምረጡ በፊት እግዚአብሔር ሰውን መርጦታል» አለ። ካልቪን የሚባል የጥንት አስተማሪ መጻሕፍትን ማንበቡንም አልደበቀም። ከዚያ በኋላ ያልተባለ ነገር የለም። እነዚህ ካልቪናውያን ወንጌል አይሰብኩም ተባለ። ለጠፋ ሰው አይጸልዩም፣ «ከተመረጠ ይድናል፤ ካልተመረጠ ምን አገባን» ነው የሚሉት ተባለ። ሕፃን ሊያስጠምቁብን ነው ያለም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ምርጡ ብዙውን አልሰማም፤ የሰማውንም እየሳቀ ያልፈዋል። ልብስ ሰፊዋ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ስትሟገትለት ኖራለች፤ ከአባቷ ሳይቀር። ካርዱን ሲነቅል ያየች ዕለት ግን አፏ ተያዘ። ወንድሜን ካልተመረጡት ደመረው ማለት ነው ብላ አለቀሰች።

መፍቻው ዝም አለ። ምርጡ ከገንዳው ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቧ ቆመ።

«እስከ መቼ ነው በዝምታ የምትቀጪኝ?» አላት።

«ጠይቄህ ነበር እኮ። አልመለስክልኝም።»

«እስቲ እንደገና ጠይቂኝ።»

መርፌዋን ቀሚሱ ላይ ሰካችና ቀና አለች። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ልቧ ወደ እሱ ሊሄድባት ሲል ያዘችው።

«ካርዱን ለምን አነሳኸው?»

«እሱን ልነግርሽ አልችልም። ቃል አለብኝ።»

«ለማን?»

«እሱንም አልችልም።»

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅህ።» ወደ ረጅሙ ቀሚስ ጠቆመች። «ወንድሜ ከተመረጡት ነው ወይስ አይደለም? አንድ ጊዜ ብቻ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

ምርጡ ረጅሙን ቀሚስ ተመለከተ። በመጨረሻ «አላውቅም» አለ።

ለሌላ ጆሮ ይህ ቀላል ቃል ነው። እሷን ግን ልቧ ላይ ወጋት። አንድ የማጽናኛ ቃል፣ አንድ የውሸት ተስፋ እንኳ ለምን ነፈገኝ አለች በልቧ። ከቦርሳዋ ውስጥ በክር የታሰሩ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች አወጣች። ሁሉም በቧንቧ ሥራ ማዘዣ ወረቀት ጀርባ የተጻፉ ናቸው፤ በአንድ በኩል «የመታጠቢያ ክፍል ፍሳሽ፣ ሁለተኛ ፎቅ»፣ በሌላው በኩል ስለ ዓይኖቿ። በርጩማው ላይ አስቀመጠችለትና ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ እንዲጠራት ጸለየች፤ እንዳይጠራትም ጸለየች።

---

ማታ እራት ላይ ፓስተሩ፣ አክስቷና እሷ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። አክስቷ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ ጆሯቸው ከበድ ያለ፣ ምላሳቸው ግን የተሳለ።

«ይሄ ልጅ ድሮ ጥሩ ልጅ ነበር» አሉ አክስቷ። «የኩሽናዬን ቧንቧ የሠራ ዕለት ጠብታ ውሃ ወለሉ ላይ አልተወም። ያበላሸው ያ ካልቪን የሚሉት ጓደኛው ነው። ምናለ አንድ ቀን ቤት ጠርታችሁ ብትመክሩት?»

«እህቴ፣ ካልቪን ከሞተ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው» አሉ ፓስተሩ።

አክስቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ከሞተ ሰው ጋር ምን አጣላችሁ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ልብስ ሰፊዋ ከት ብላ ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ከሳህኗ ቀና አላለችም። ፓስተሩ ፊቷን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ በሰውየው ክፋት የለኝም። ትምህርቱን ነው የምፈራው። እነሱ ዘንድ ሁሉም ተቆርጦ ያለቀ ነው። ተቆርጦ ካለቀ ማን ይሰብካል? ማን ይለምናል? ለጠፋ ሰው የማይጨነቅ ሰው ልጄን እንዴት ይሸከማል?»

«እኛስ አባዬ?»

«እኛ ምን?»

«እኛ ሰው በገዛ ፈቃዱ ይመለሳል ብለን እናምናለን። ታዲያ ወንድሜን እንዲመለስ ለመጨረሻ ጊዜ የለመንነው መቼ ነው?»

ፓስተሩ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። ቀስ ብለው ተነስተው ወደ ንባብ ክፍላቸው ሄዱ። አክስቷ እጇን ያዙና «ደግ አደረግሽ፤ አንድ ሰው ሊጠይቀው ይገባ ነበር» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ደግ ያደረገች አልመሰላትም። የአባቷ ትከሻ በሩ ላይ እንዴት እንደጎበጠ አይታ ነበር።

---

ቅዳሜ ማለዳ፣ ለእሁዱ ጥምቀት ያሰናዳቻቸውን ቀሚሶች ልትቆጥር ወደ ጸሎት ቤቱ ሄደች። ከረጅሙ ቀሚስ እጅጌ ውስጥ የሥራ ማዘዣ ወረቀት ወደቀ። አሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ። ሳታነበው ልትቀደው አሰበች። እጇ ግን አልታዘዛትም።

«የምወድሽ፣

አላውቅም ያልኩሽ ልዋሽሽ ስላልፈለግሁ ነው። ማን እንደተመረጠ የሚያውቀው አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለእኔ ያሳየኝ ዝርዝር የለም። ባለማወቄ ግን ተስፋ አልቆርጥም። እኔ የማልችለውን እሱ ይችላል ብዬ ስለማምን ነው ማልጄ የምነሳው።

ካርዱን ለምን እንዳነሳሁት እንዳልናገር ቃል ሰጥቻለሁ፤ ቃሌን አልበላም። ነገር ግን ፀጉሬን የት እንደምቆረጥ እንዳልናገር ማንም አላስማለኝም። ሁልጊዜ ትጠይቂኝ ነበር። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች።

ከጣቢያው ጀርባ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ የመኪና ጎማ የሚያድሱ፣ ቁልፍ የሚቀርጹ፣ ሻንጣ የሚጠግኑ ሰዎች በየበራቸው ተሰልፈዋል። ሰማያዊው በር ከሁሉም መጨረሻ ነው። መስኮቱ ላይ እስከ ግማሽ የተጋረደ መጋረጃ አለ። በእግሯ ጣት ቆማ ከመጋረጃው በላይ አሻግራ አየች።

ምርጡ እስከ አንገቱ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ የፀጉር ማሽኑን ያንቀሳቅሳል። ፊቱን ገና አላየችም። ግን ያንን ትከሻ እንዴት ትስታለች? ለዚያ ትከሻ ነው ረጅሙን ቀሚስ የለካችው።

ከዚያ ዓይኗ መስታወቱ ላይ አረፈ። ከመስታወቱ ማዕዘን፣ በእንጨቱና በመስታወቱ መካከል፣ አንድ ካርድ ተሰክቷል። በአረንጓዴ ቀለም፣ በእሷ የእጅ ጽሑፍ፦ «ወንድሜ»።

የመስኮቱን ደፍ ያዘች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጣለ መስሏት ያለቀሰችለት ካርድ ይኸው፣ ወንድሟ በየቀኑ ቀና ሲል ዓይኑ ከሚያርፍበት ቦታ ተቀምጧል። እሷ ሰሌዳ ላይ ሰቅላው ነበር፤ ይህ ሰው ግን ለባለቤቱ አድርሶታል። ፍርሃት የሚመስል ነገር ወረራት፤ ሰው ትልቅ ተራራ ሥር ድንገት ሲቆም የሚይዘው ዓይነት ፍርሃት። ልትሸሽ ግን አልፈለገችም። ዕድሜ ልኳን እዚያ ብትቆም በወደደች።

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ወንድሟ በመስታወቱ ውስጥ አያት። ማሽኑ በእጁ ላይ እያጓራ ቀረ።

«ሚጢጢ» አለ፤ በልጅነቷ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው እንዲህ ብሎ። ከዚያ ዓይኑን ወንበሩ ላይ ወዳለው ሰው መለሰ። «አንተ! አትናገር ብዬህ አልነበር?»

«አልተናገርኩም» አለ ምርጡ፣ ከጨርቁ ውስጥ ሳይነቃነቅ። «ፀጉሬን የት እንደምቆረጥ ነው የነገርኳት።»

ወንድሟ ሊቆጣ ፈለገ፤ ሳቁ ቀደመው። ማሽኑን አጠፋና እህቱን አቀፋት። ከሳሙናው ሽታ በታች የድሮው የወንድሟ ሽታ አልጠፋም።

«እዚህ መምጣት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ምርጡ እያየች።

«ዓመት ከሁለት ወር» አለ ወንድሟ። «ፍሳሽ ተደፍኖብኝ ነው የጠራሁት። እየሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ የአባዬን መዝሙር። ከየት አወቅኸው ስለው ነገረኝ። በል መፍቻህን ይዘህ ውጣልኝ አልኩት። በሳምንቱ ፀጉሬን ልቆረጥ ብሎ መጣ። ደንበኛ ደግሞ አይባረር! ስሜ እዚያ ቤት ከተነሳ ግን ሁለተኛ እዚህ በር እንዳትደርስ ብዬ ቃል አስገባሁት። እሺ አለ። በሳምንቱ ደግሞ መጣ። እንዴ፣ ምን ልቁረጥልህ? ብለው ‹ያለውን› አለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ በእንባዋ መካከል የተከረከመውን ጭንቅላት አየች። ዓመት ከሁለት ወር ያሾፈችበትን ጭንቅላት።

«አይሰብክም» አለ ወንድሟ ቀጥሎ። «ስጠይቀው ይመልሳል፤ ስሰድበው ያዳምጣል። አንድ ቀን በጣም ተናድጄ፣ ‹አባቴ እንኳ የተወኝን ሰው አንተ ምን ቤት ነህ የማትተወኝ?› አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ተስፋዬን በአንተ ላይ ጥዬው ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት በቀረሁ ነበር› አለኝ።»

«ካርዱስ?»

ወንድሟ ጀርባውን ሰጣቸውና ማበጠሪያዎቹን ያለ ምክንያት ማስተካከል ጀመረ። «በዚያ ቤት የሚያስበኝ የለም አልኩታ። በሳምንቱ ያንን ይዞ መጣ። ጽሑፍሽን ሳየው... መቀሱን ጥዬ ወጣሁ። ጣቢያው አጠገብ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።»

«ጭንቅላቴ ግማሹ ተቆርጦ፣ ግማሹ ቀርቶ» አለ ምርጡ። «አንድ ሰዓት ጠበቅሁት።»

ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ልብስ ሰፊዋ ያንን ጥያቄ ጠየቀች፤ በሹክሹክታ፣ እንዳይሰበርበት እንደሚፈራ ሰው። «ታዲያ... አምነሃል?»

«አላውቅም፣ ሚጢጢ» አለ ወንድሟ። መስታወቱን ቀና ብሎ አየ። «ካርዱን ግን አላነሳሁትም።»

ምርጡ ጨርቁን ከአንገቱ ፈቶ ተነሳ። እሷ ፊት ቆመ፤ የተቆረጠ ፀጉር ብናኝ ትከሻው ላይ አለ። ልታራግፍለት እጇን ዘረጋችና እዚያው ትከሻው ላይ ረሳችው።

«ይቅር በለኝ» አለች።

«እኔስ? ዓመት ሙሉ ደብቄሽ?»

«እሱን ገና አልጨረስንም» አለችው፤ እንባዋ እየወረደ ፈገግ ብላ።

---

ፓስተሩ የእሁዱን ስብከት እያዘጋጁ አገኘቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እሷን ማንም አላስማላትምና። ሳያቋርጡ ሰሙ። ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀለሙ ተስፋፋ።

«ማን ነው ያገኘው?» አሉ፤ ሰምተው ሳለ እንደገና።

«ምርጡ።»

«እነሱ የጠፋ ሰው አይፈልጉም ብዬ ሰብኬያለሁ። በዚህ አፌ።»

«አባዬ፣ እሱ ግን ስለ አንተ ምን እንደሚል ታውቃለህ? መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያናችን የመጣው የጣሪያውን ቧንቧ ሊያይ ነበር አሉ። ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል አንተ ከመድረኩ እጅህን ዘርግተህ ‹ና፣ ማንም ሁን፣ ና› አልክ። ‹እግዚአብሔር ከጥንት መርጦኝ ከሆነ፣ የጠራኝ ግን በአባትሽ ድምፅ ነው› ይላል።»

ፓስተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እጃቸውን ሲያነሱ እርጅናቸው ፊታቸው ላይ ወጥቶ ነበር።

«ለመንገደኛ ሁሉ ና ስል ኖሬ ለልጄ ና አላልኩትም» አሉ። «ፈቃዱን አከበርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ፈርቼ ነው። እምቢ ቢለኝስ ብዬ።»

«እምቢ ቢልህስ?»

ኮፍያቸውን ከመስቀያው አነሱ። «እንሂድ» አሉ። ደረጃውን ሲወርዱ እጇን ያዙ፤ ልጅ ሳለች እሷ የእሳቸውን ትይዘው እንደነበረው አጥብቀው።

ምርጡ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወንድሟን ብቻውን እንዳይተወው ለምናው ስለሄደች። ሰማያዊው በር ሲከፈት ብድግ አለ። ወንድሟ አባቱን አየና ባለበት ደረቀ። ፓስተሩ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ወደ ወንበሩ ሄዱ፣ ተቀመጡ። አናታቸው ሙሉ በሙሉ ራሰ በራ ነው፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ የቀረች ቀጭን ነጭ ፀጉር ብቻ አለች።

ወንድሟ ንጹሕ ጨርቅ አራግፎ በአባቱ አንገት ላይ አሰረ። ጣቶቹ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳቱት። ማንኛውንም ደንበኛ እንደሚጠይቅ፣ በአንቱታ፣ «ምን ልቁረጥልዎ?» አለ።

ፓስተሩ በመስታወቱ ራሰ በራቸውን ተመለከቱ።

«ያለውን» አሉ።

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስቱ ተያዩ። ይህን ቃል ለእሳቸው የነገራቸው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ስትነግራቸው ይህችን ብቻ ዘልላት ነበር። ወንድሟ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ግንባሩን በዚያ ራሰ በራ አናት ላይ ደፋው። ፓስተሩ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አውጥተው ወደ ኋላ ዘረጉ፣ የልጃቸውን ማጅራት ያዙ፣ አልለቀቁትም። «ና» የሚለውን ቃል በዚያ ቀን ለልጃቸው አልተናገሩትም፤ ያን ያህል አጥብቆ ለያዘ እጅ ቃል አያስፈልገውም ነበር።

በኋላ፣ ሁሉም ዓይኑን ከጠረገ በኋላ፣ ፓስተሩ ካርዱን አዩ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ምርጡን ፈለጉት።

«ልጄ ይመለሳል ትላለህ?»

«አላውቅም፣ ፓስተር።»

ፓስተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም አላውቅም» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። አርብ ዕለት የወጋት ቃል አሁን እጅ ለእጅ እንደተያያዘ ጸሎት ሆኖ ተሰማት። «እንግዲህ ከሚያውቀው ጋር አብረን እንነጋገራለን» ብለው ቀጠሉ። «ነገ ከጥምቀቱ በኋላ ለምሳ ቤታችን ና። ስለ ምርጫው ገና እሟገትሃለሁ፣ እንዳትዘናጋ። እህቴ ደግሞ ያንን ካልቪንን ይዘኸው እንድትመጣ ትፈልጋለች።»

---

ከሁለት ወር በኋላ፣ ለሌላ ጥምቀት፣ ልብስ ሰፊዋ እንደገና በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገንዳው እየሞላ ነው፤ ምርጡ ጠርዙ ላይ ተንበርክኮ የሚገባውን ውሃ በእጁ ይለካል። ጣቷ ላይ እሱ ያደረገላት ቀለበት አለ፤ ክሩ እየተጠመጠመበት አስቸግሯታል። መሥራቱን ትታ አየችው። ፀጉሩ አድጓል። በጆሮው ላይ ትንሽ ተጠቅልሏል፤ እንዲህ እንደሚጠቀለል አስተውላ አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩን አሁን የሚይዙት ፓስተሩ ናቸው፤ በየሳምንቱ፣ ያችን ያለችውን ሊቆረጡ።

ከመስቀያው ጫፍ ረጅሙን ቀሚስ አወረደች። ከሰባቱ ክብደቶች የአንዱ ክር ላልቷል። ከአራት ዓመት መንጠልጠል የተነሳ ይሆናል። መርፌዋ ላይ አዲስ ክር አስገባች።

ምርጡ ከውሃው ላይ ቀና አለ። የያዘችውን አየ፤ ማንም ለዚያ ቀሚስ ስሙን እንዳላስመዘገበ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ለማን ነው?» አላት በቀስታ።

«አላውቅም» አለች።

ሽሩባዋን ወደ ኋላ ጥላ ጎንበስ አለችና ክሩን ሁለት ጊዜ አዙራ፣ አጥብቃ፣ እንደማይፈታ አድርጋ ሰፋችው።